የናሙና ቁጥር ሦስት የት ገባ?

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ በተለይም ለደረትዎ።

በኮሪደሩ የሚወራውን ላርም። ቫይረስ የሚባል ነገር የለም ብዬ፣ አፍንጫዬን አላስነካም ያልኩ አሮጊት እኔ አይደለሁም። ናሙና ሁለት ጊዜ ሰጥቻለሁ፤ ሁለተኛውን የሰጠሁትም ነርሷ በመጀመሪያው ብልቃጥ ላይ ቁጥር መጻፍ መርሳቷን እኔው አስታውሻት ነው።

የምጽፍልዎ ዋርድ ሁለት፣ አልጋ አራት ላይ የተኛችውን ታናሽ እህቴን እንዳልጠይቅ ከታገድኩ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ስለሆነ ነው። ዓይኗ ደክሟል፤ የማታውቀው እጅ ኪኒን ሲያቀብላት አፏን አትከፍትም። የታገድኩት፣ ዘጠኝ ሕሙማን የያዛቸውን ሳል ያስገባሁት እኔ እንደሆንኩ በዘረመል ምርመራ ተረጋግጧል ተብሎ ነው። ማስረጃውን በሰሌዳ ላይ ስለለጠፉልን ከልብ አመሰግናለሁ፤ የሚያነበው ሰው ይኖራል ብለው እንዳልሠጉ ያስታውቃል።

አንደኛ፦ በወረቀቱ ላይ ቫይረሱ ከጉሮሯችን የሚጣበቅበት ፕሮቲን ቅደም ተከተል ተነጻጽሮ፣ የማን ቫይረስ ከማን እንደመጣ በዛፍ መልክ ተሥሏል። የእኔ ናሙና የሌሎቹን ለውጦች ይዞ፣ ሌላ ማንም ዘንድ የሌለ አንድ ለውጥ ጨምሯል። ሠላሳ አንድ ዓመት በታይፕ ጸሐፊነት አገልግያለሁ፤ የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደተቀዳ የምንለየው በወረሰው ስሕተት ነበር። ሕሙማኑ ከእኔ ቢቀዱ ኖሮ የእኔን ስሕተት ይዘው በተገኙ ነበር። አንዱም አልያዘም። በራስዎ ሥዕል መሠረት እኔ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ሆኜ ሳለ የሁሉም እናት ስላደረጉኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ላገኘሁት ክብር አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ከየናሙናው ቁጥር ጎን የታማሚው አልጋ፣ ሠራተኛ ከሆነም የሥራ መደቡ ተጽፏል። ቁጥሮቹ ግን አንድ፣ ሁለት፣ አራት እያሉ ይሄዳሉ። በዛፉ ሥር፣ ሌሎቹ ሁሉ በበቀሉበት ቦታ፣ በነጭ ማረሚያ ቀለም የተሸፈነ መስመር አለ። ማረሚያ ቀለም በጥፍር ቀስ ተብሎ ሲፋቅ የሥሩ ጽሑፍ ደኅና ሆኖ እንደሚወጣ ከሥራዬ አውቃለሁ። እስካሁን አልነካሁትም፤ የሰው ወረቀት ነው።

ሦስተኛ፦ የመጀመሪያው ታማሚ ከማሳሉ ከሦስት ቀን በፊት፣ የአፍ መሸፈኛ ሳያደርግ መሐረብ ላይ እያሳለ እንግዶችን ያስጎበኝ የነበረ አንድ ሰው እህቴን ጨብጧት ነበር። ዓይኗ እንጂ ጆሮዋ አልደከመም፤ ድምፁን ለይታዋለች። እኔ ማንንም አልጠረጥርም። የበሩ ጥበቃ ግን «እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ከላይ ታዝዤ ነው» ሲለኝ፣ ላይ የትኛው ፎቅ፣ የማን ቢሮ እንደሆነ አጣርቻለሁ፤ አሳንሰሩ ለጎብኚ ስለማይፈቀድ በደረጃ ስላወጡኝም በጉልበቴ ስም አመሰግናለሁ።

ለከፍተኛ ጥንቃቄዎ እጅ እየነሣሁ፣ በአክብሮት እሰናበታለሁ።

የአልጋ ቁጥር አራት ታላቅ እህት

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ነገ ጠዋት ከሁሉ በፊት የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ከዛፉ አጠገብ እለጥፋለሁ። ቀጥዬ ላቦራቶሪውን የናሙና ቁጥር ሦስትን ቅጽ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ከዚያ መሸፈኛዬን አድርጌ፣ እጄን ታጥቤ፣ እህቴ የሦስት ሰዓቱን ኪኒን ከመውሰዷ በፊት ዋርድ ሁለት በር ላይ እቆማለሁ። በሩ ካልተከፈተልኝ ወደ ሰሌዳው እመለሳለሁ፤ ጥፍሬን አልቆረጥኩም።