ባለ ሁለት ጥርሱን መሰርሰሪያ የተውኩበት ምክንያት

አለፈ! ሰማንያ አራቱም ቀዳዳ አለፈ! ቱቦዎቹ ያለ መዶሻ፣ በእጅ ብቻ ተገፍተው ሦስቱንም ላሜራ አልፈው ወጡ!

ውድ ባሺ ቾላ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም መጮኼን ይቅር ይበሉኝ። እንዴት ነዎት? ሐይቁ፣ ዓሣው፣ ጉልበትዎስ? እኛ ኪትዌ ደኅና ነን፤ ዛሬማ ከደኅናም በላይ። ግን ከደስታው ጋር የምናዘዝዎ ነገር አለ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየ።

ጡረታ ሲወጡ ያንን ባለ ሁለት ጥርስ መሰርሰሪያዎን በጨርቅ ጠቅልለው፣ «ባና ሙዌላ፣ ይሄ አያሳፍርሽም» ብለው ሰጡኝ። ለአንድ ወፍራም ብረት እውነትም እሱን የሚያህል የለም። ጥርሱ ሲዶለዱም አዙሮ ማሰር ነው፣ ሥራው ይቀጥላል። ባለፈው ወር ግን የማቅለጫው የማቀዝቀዣ ሥራ መጣ። ሦስት ላሜራ ተደራርቦ በአንድ ጊዜ ይበሳል፤ አለዚያ ቱቦው አይገጥምም። ትክ ላሜራ ደግሞ የለም። አለቃችን ሶኮ ስድስታችንን ሰብስቦ፣ «ይሄ ከተበላሸ ክፍላችን ይዘጋል፤ ሁላችንም ወደ ቤታችን ነን» አለ። ከዚያ የእርስዎን መሰርሰሪያ ከሳጥኔ አውጥቶ ማሽኑ ላይ ሊያስር ተነሳ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመቱ ነገር ትዝ አለኝ። ያኔም እርስዎ የሚበሱት ላሜራ እንዲህ ተደራርቦ ነበራ! አሥራ አንደኛው ቀዳዳ ላይ የመሰርሰሪያው ጥርስ ሲሰበር ሰዉ ሁሉ «ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል» አለ። እርስዎም አመኑ፤ ቱታዎን አውልቀው ሰቀሉ፣ በዚያው ጡረታ ወጡ። ላሜራዎቹን የለያየኋቸው እኔ ነበርኩ። በመካከላቸው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ቁራጭ ብረት አገኘሁ። ያ መሰርሰሪያ ወደ ማዶ ሲወጣ የመጨረሻውን ስስ ብረት አይቆርጠውም፣ ክብ አድርጎ ገፍቶ ይጥለዋል። ላሜራው አንድ ከሆነ ቁራጩ መሬት ላይ ይወድቃል። ሲደራረብ ግን መውጫ የለውም፤ ከመሰርሰሪያው ጋር እየዞረ ጥርሱን ይበላዋል።

እጅዎ አልነበረም፣ ባሺ ቾላ። ዓይንዎም አልነበረም።

ያን ቀን ገብቶኛል። ግን የአባቴን ያህል ለሆኑ ሰው፣ በሰው ፊት፣ «መሣሪያውን ተሳስተው መረጡ» ብዬ በየትኛው አፌ? ብረቷን የቁልፍና የመርፌ ቆርቆሮዬ ውስጥ ከትቼ ዝም አልኩ። እርስዎም አንገትዎን ደፍተው ሄዱ።

ሶኮ ግን ንጎኒ ነው፣ እኔ ቤምባ፤ በሁለቱ ጎሳዎቻችን መካከል ስድብ ሰላምታ ነው፣ የሚቆጣ የለም። ስለዚህ ጮኽኩበት፣

«አንተ አይጥ በላ! እጅህን ከዚያ አንሳ!»

«ደሞ ምን ነካሽ፣ አንቺ ጦጣ በላ?»

«እሱን ካሰርክ ነገ አይጥ መግዣም አይኖርህም!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ቆርቆሮዬን ከፍቼ ብረቷን መዳፉ ላይ አኖርኩለት። አገላበጣት። እሱ አልሳቀም።

«ከየት አመጣሻት?»

«ከባሺ ቾላ አሥራ አንደኛ ቀዳዳ።»

ብረቷን በጡጫው ጨበጣት። ከዚያ ጥርሱ ብቻ ሳይሆን ራሱ ሙሉ በሙሉ ወደሚቀየረው፣ ጫፉ ሾጣጣ ወደሆነው መሰርሰሪያ በአገጩ አመለከተኝ። የሱ ራስ ውድ ነው፤ ግን መሐሉን ይዞ ይገባል፣ ሲወጣም እንደዚያ ያለ ክብ ብረት አይተውም። «ብትሳሳቺ የስድስት ቤት እሳት ታጠፊያለሽ» አለኝ። «የምትበሺውም አንቺው ነሽ።»

በላሜራዎቹ መካከል ፀጉር እንኳ እንዳይገባ በብሎን አጥብቀን አሰርናቸው። ጀመርኩ። መሰርሰሪያው ከአንዱ ላሜራ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ድምፁ ይለወጣል፤ በተለወጠ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንደኛው ላይ ማሽኑ ሲጢጥ አለ!

አጠፋሁት።  ሶኮ ብረቷን በጡጫው ጨብጦ ቆሟል። መሰርሰሪያውን ሳወጣ ረጅም የብረት ፍቅፋቂ ተጠምጥሞበታል፤ ራሱ ግን ደኅና ነው። ፈታሁለት፣ ማቀዝቀዣ ውሃውን ጨመርኩ፣ እንደገና አስነሳሁት። አለፈ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ከሶኮ ጋር እንኳ አልተሰዳደብንም።

ዛሬ የመጨረሻው ቱቦ ሲገባ ሶኮ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ምን አለ መሰለዎት? «ያ ሽማግሌ አላጠፋም ነበር! ስሙ! ሁላችንም በድለነዋል!» አለቀስኩ፣ አልደብቅዎትም። መጀመሪያ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ቱታዎን አጥቤ ተኩሻለሁ፤ ብረቷም ኪሱ ውስጥ ናት። ለይቅርታው ድግስ ፍየሉን ሶኮ ገዝቷል፣ ሙንኮዮውን እኔ እጠምቃለሁ። ልጅዎ ቾላም፣ ልጆቹም፣ ያን ጊዜ ያሙዎት ሁሉ ይመጣሉ፤ እርስዎ ካልመጡ ግን ቢላዋ አይነሳም ብሏል ሶኮ። አውቶቡሱን ሐሙስ ይሳፈሩ፤ እኔ ልጅዎ ባና ሙዌላ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። የድግሱ ቀን ቅዳሜ ነው፣ ጁላይ አሥራ ሁለት።