መሬት የሚታይበት መርከብ

ሜይ 4፣ ሰኞ፣ ጠዋት 12፡15

የሥራ ልብሴን ለብሼ ነው የምጽፈው። ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው። ሺፍቴ ሊጀምር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል፣ እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ተቀምጫለሁ። አራት መርከብ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ፎቅ በፎቅ። ታዴ ነው የላከልኝ። ምረጪ ብሎኛል።

ደብተሬ፣ ለአንቺ ልንገርሽ። ባሌ ባሕር አይቶ አያውቅም። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ዲቪ ደርሶት፣ በአውሮፕላን ቀጥ ብሎ ሚኒሶታ የገባ ሰው። አየሁ የሚለው ውሃ ላንጋኖና እዚህ ያሉትን ሐይቆች ነው። የከተማ አውቶቡስ እየነዳ የዓመት ፈቃዱን ሲያጠራቅም ኖረ። ዘንድሮ ጋብቻችን ሃያ ዓመት ሞላ። ስለዚህ ክሩዝ፣ የመርከብ ሽርሽር። በረንዳ ያለው ክፍል። ቁጭ ብለን የባሕሩን ዳርቻ ማየት፣ ተራራውን፣ ጫካውን። ሲያወራው ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ያሳዝነኛል።

እሺ አልኩት። እሺ ያለው አፌ ነው።

ሄድኩ። ረፈደብኝ።

ሜይ 5፣ ማክሰኞ

ልጃችን ቤቴል ከዶርም ደወለች። አባቷ ነግሯታል። እንደ ወትሮው እኔ በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ። አንቺማ የባሕር ሰው ነሽ፣ እሱን ጠብቂው፣ ያስመልሰዋል አለችኝ። ሳቅን። ለጓደኞቿ እናቴ ባሕር በጀልባ ያቋረጠች ጀግና ናት እያለች ታወራለች። የጫማውን ሰውዬ ታሪክ ሳይቀር ተርጉማላቸዋለች።

እዚህ ላይ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው። ከሶማሊያ ወደብ ከቦሳሶ ወደ የመን ስንሻገር ነው። ትንሽ ጀልባ፣ ጉልበት ለጉልበት ታጭቀናል። አንድ ወሎዬ አዲስ ቡኒ ጫማ ይዟል። እንዳይረጥብበት አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በመሃረብ ይወለውላል። ቀጣሪ መጀመሪያ የሚያየው እግር ነው ይላል። ደላላው ጠመንጃውን አንግቶ በሰው ጉልበት ላይ እየተራመደ ሲያልፍ ረገጠበት። ሰውዬው ቀና አለና፣ “ወንድም፣ እግርህን አንሳ እንጂ፤ ጫማ እኮ ነው!”

በቃ፣ ይሄ ነው። ድምፁን እያስመሰልኩ ስንት ክርስትና፣ ስንት ልደት ላይ አስቄበታለሁ። ሰው ሆዱን ይዞ ሲስቅ እኔ ተነስቼ ዳቦ ልቁረጥ እላለሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። እና አሁን ሁሉም፣ ባሌም ልጄም፣ ዘኒ ባሕር አትፈራም ብለው ያምናሉ። ፈርቻለሁ፣ ደብተሬ። መርከቡ ሥዕል ላይ ሆኖ እንኳ ፈርቻለሁ።

ሜይ 7፣ ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ

ሰበብ ፍለጋ ዋልኩ። ጉልበቴን ያመኛል አልኩ። መርከቡ ላይ ሊፍት አለ አለኝ። ፓስፖርቴስ? አድሶታል፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። የመጨረሻዋን አወጣሁ፦ በዚህ አገር በጋ ላይ ጾም ነው፣ የሐዋርያት ጾም ሲወጣ ፍልሰታ ይመጣል፣ እኔ በጾም የፈረንጅ መርከብ ላይ አልወጣም።

ይሄ ሰውዬ በጾም ቅቤ ሲሰርቅ ስንቴ ይዤዋለሁ። ዛሬ ግን ካላንደሩን ከግድግዳው አውርዶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ከሐምሌ አምስት በኋላ፣ ከነሐሴ አንድ በፊት። ክፍት ነው። ከረቡዕና ዓርብ በቀር ጾም የለም። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ባቄላ የሌለበት መርከብ የለም አለኝ፣ ኮስተር ብሎ። ሳቄ መጣ። ሰበቤን ሁሉ አሟጦ ጨረሰብኝ።

ካልቀረ መሬት የሚታይበት ይሁን አልኩ። የካሪቢያኑን ሠረዝኩት፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ብቻ ነው። የጣሊያኑንም። የቀሩት ሁለቱ አላስካ የሚሄዱት ናቸው። ሥዕሉ ላይ በግራም በቀኝም ተራራ አለ፣ ዛፉ ውሃው ድረስ ወርዷል። ይሄ ይሻላል፣ ዕይታው ያምራል አልኩት። ታዴ ደስታው። ዘኒ እኮ ውበት ታውቃለች ብሎ ለወንድሙ ደውሎ ነገረው።

ውበት። እኔ የምፈልገው ብወድቅ ዋኝቼ የምደርስበትን ነው። ዋና ደግሞ አልችልም።

ሜይ 9፣ ቅዳሜ

ታዴ ሥራ ላይ እያለ የጉዞ ወኪሏ ጋ ደወልኩ። ጥያቄዬን ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፣ እንግሊዝኛው እንዳይጠፋብኝ። መሬት የማይታየው በየትኛው ቀን ነው? ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ምግቡና ስለ ኢንተርኔቱ ነው አለችኝ፣ ደግ ሴት ናት። ካርታ ከፍታ አየችልኝ።

ከሲያትል የሚነሳው መርከብ ከዳርቻው ፊት ለፊት ባለ ትልቅ ደሴት በውጭ በኩል ነው የሚሄደው፣ ከአንድ ቀን በላይ ክፍት ውቅያኖስ። ከቫንኩቨር የሚነሳው በደሴቱና በዋናው መሬት መሃል ይገባል፣ ዳርቻው አይጠፋም ማለት ይቻላል። ማለት ይቻላል ማለት ምን ማለት ነው አልኳት። አንድ ቦታ ላይ ይከፈታል፣ ጥቂት ሰዓት፣ ከዚያ እንደገና ይገባል። ጥቂት ስንት ነው? እንደ አየሩ ነው አለች።

በቫንኩቨሩ ላይ በረንዳ ያለውን ክፍል እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ትይዝልናለች።

ከዚያ ወዲያ የማስበው ያቺን ጥቂት ሰዓት ብቻ ሆነ። የእንቅልፍ ክኒን ውጬ ብተኛስ? መጋረጃውን ብዘጋስ? ታዴ በረንዳ ላይ ቆሞ ዘኒ ነይ እይ ሲለኝ ምን እላለሁ? ራሴን አመመኝ እላለሁ። አዎ። ራሴን አመመኝ።

ሜይ 10፣ እሑድ

ከቤ/ክ መልስ። ታዴ ግቢው ውስጥ ላገኘው ሁሉ አወራ። ዓሣ ነባሪ ሳይቀር ሊያሳየኝ ነው። ሴቶቹ ከበቡኝ፣ አንቺ ዕድለኛ እያሉ። ያንን የጫማ ነገር ንገሪን አለች አንዷ፣ አዲስ የመጡ አሉ። ጉንፋን ድምፄን ዘግቶታል አልኩ።

ነገ ሁለታችንም ኦፍ ነን። ዱሉዝ እንሂድ ይላል፣ ለልምምድ። ሐይቅ ነው እኮ፣ ሐይቅ ምን ያስፈራል ብዬ እሺ አልኩ።

ሜይ 11፣ ሰኞ፣ ማታ

ማዶ የለውም። ሐይቅ ይሉታል፣ ማዶ ግን የለውም።

ብርዱ ይቆርጣል፣ ፀሐይ ግን አለ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። መኪናውን አቁመን በድንጋዩ መሃል ወረድን። ታዴ እጁን ዘርግቶ እንዲህ ነው እንግዴህ አለ፣ ለራሱ። እኔ ቀና ብዬ አየሁ፣ ውሃው ሄዶ ሄዶ ከሰማዩ ጋር ተዘጋ። ድንጋዩን ይዤ ቁጭ አልኩ። አፌ ውስጥ የናፍጣ ጣዕም መጣ፣ ያ የጀልባው። ሰው ያያል ብዬ ልነሳ እላለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ታዴ ደግፎ መኪና ውስጥ አስገባኝ፣ ጃኬቱን አለበሰኝ፣ ሙቀቱን ከፈተ። እዚያ ልንበላ ያሰብነውን ዓሣ ሳንበላ ተመለስን።

መንገድ ላይ ነዳጅ ቀድቶ ገባ፣ ሞተሩን ግን አላስነሳም። መሪውን ይዞ ወደ ፊት እያየ፣

“ዘኒ፣ ያ የጫማው ሰውዬ… በኋላ ምን ሆነ?” አለኝ።

በሃያ ዓመት ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። አላውቅም አልኩት። የመን ስንደርስ ተለያየን አልኩት።

አየኝ። ሞተሩን አስነሳ። እስከ ሰፈራችን፣ እስከ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ድረስ ሬዲዮ እንኳ አልከፈተም። አፍሬያለሁ። ከፍርሃቱ ይልቅ ያቺ “አላውቅም” ናት እንቅልፍ የምትከለክለኝ።

ሜይ 13፣ ረቡዕ

ከሥራ ቀጥታ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር፣ ሰዓዳ ሱቅ። ሰዓዳ የአርሲ ልጅ ናት፣ ሻሽና ድርያ የሚባል ረጅም ቀሚስ ትሸጣለች። ያን ጊዜ አንድ ጀልባ ላይ ነበርን። እንደ እህቴ ናት፣ ሠርጌን የደገሰች፣ ቤቴልን ያሳደገች። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። እኔ የጫማውን ሳወራ እሷ የቀረውን አታነሳም፣ እኔም አልነካካትም።

ዛሬ ነካሁት። መርከብ ልሳፈር ነው፣ ግን መሬት የሚታይበትን መርጫለሁ፣ ዳርቻው አይጠፋም አልኳት። ሻሽ እያጠፈች ነበር። እጇ ቆመ።

“ዘኒ፣ አንቺ የምትፈሪው መሬት ሲጠፋ ነው። እኔ ደግሞ መሬት ሲታይ ነው። መሬቱን ስናይ አይደል እንዴ የገፈተሩን?”

እውነቷን ነው። እንዴት ረሳሁት? አልረሳሁትም፣ ዘልዬው ነው የኖርኩት። ጎህ ሲቀድ ተራራው ታየ፣ ጥቁር። አጨበጨብን። እልል ያለችም ነበረች። ደላሎቹ ሞተሩን አጠፉ፣ የባሕር ጠባቂ ያየናል፣ ውረዱ አሉ፣ እምቢ ያለውን ገፈተሩ። ውሃው ጥልቅ ነበር። ሰዓዳ ፀጉሬን ይዛ ነው ያወጣችኝ። የጫማው ሰውዬም ዋና አይችልም። ዘለለ፣ በአንድ እጁ ጫማውን ከውሃው በላይ ከፍ አድርጎ ይዞ። እንዳይረጥብ። ልቀቀው አልኩት፣ ጮህኩ። አልለቀቀውም። ከዚያ እጁንና ጫማውን ብቻ አየሁ። ከዚያ ያንንም አላየሁም።

ደብተሬ፣ ጻፍኩት።

ሰዓዳ አልተቆጣችኝም። አንቺ እያሳቅሽ ቻልሽው፣ እኔ ዝም ብዬ አለችኝ። በዱዓዋ ሁልጊዜ እንደምትጠራው ነገረችኝ። ስሙን ጠራችው። እኔ እዚህ ልጽፈው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ለባልሽ ስሙን እንኳ ነግረሽው ታውቂያለሽ? አለችኝ። አላውቅም።

ለእሷ ሻይ አፈላሁላት። ሁለታችንም አልጠጣነውም።

ሜይ 14፣ ሐሙስ

ታዴ የሩቅ ማያ መነጽር ገዝቷል። መስኮቱ ላይ ቆሞ የጎረቤቱን መኪና ታርጋ ያነብልኛል። ሳቅኩ፣ ከልቤ።

ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ ካልፈለግሽ ይቅር ዘኒ፣ ቺካጎ በመኪና እንሄዳለን አለኝ። ሰበቧን ልይዛት ነበር። አዎ፣ ይቅር፣ ቺካጎ ይሻላል፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መነጽሩን በጨርቁ ጠቅልሎ፣ ሳጥኑ ውስጥ መልሶ፣ ደረሰኙን ከላይ ሲያስቀምጥ አየሁት። ሊመልሰው ነው።

እስከ ቅዳሜ ላስብ አልኩት።

ሜይ 15፣ ዓርብ

ሥራ ላይ፣ የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ፣ የአንዲትን ባልቴት መድኃኒት ለሌላዋ ልሰጥ ነበር፣ ለጥቂት። ነርሷ ያዘችኝ። እ/ር አተረፈኝ። ወደ ቤት ሂጂ አሉኝ፣ እምቢ አልኩ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔው ግን ነቅዟል።

ሜይ 16፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡40

ወኪሏ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትጠብቀናለች። ታዴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሺፍቱን ይጨርሳል። ቤቱ ፀጥ ብሏል። የመነጽሩ ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ደረሰኙን አንስቼ ቀድጄዋለሁ። ውሳኔዬን ልጻፈው፣ በኋላ እንዳልሸሸው።

ከቫንኩቨር የሚነሳውን ያዘው እለዋለሁ። መሬት ስለሚታይበት አይደለም። መሬት ታየ ማለት ተረፍን ማለት እንዳልሆነ ከሰዓዳ ሰምቻለሁ፣ ድሮም አውቀው ነበር። ታዴ ባሕር ይይ፣ ለዚህ ነው። ሃያ ዓመት የእኔን ሳቅ ሲስቅልኝ ኖሯል። ግን ወኪሏ ጋ ከመደወሉ በፊት ሁሉንም ይስማ። ሰምቶ አንሄድም ካለ አንሄድም። እንሂድ ካለ ደግሞ፣ ያቺ የተከፈተችው ቦታ ስትመጣ ክኒን አልውጥም፣ ራሴን አመመኝ አልልም። በረንዳው ላይ እጄን ይይዘኛል፣ ለምን እንደሚይዘኝም ያውቃል።

ፊደሌን እይው፣ የሕፃን ይመስላል።

ነገርን ከሥሩ ይላሉ። ከጫማው አልጀምርም። ድምፁን አላስመስልም።

መኪናው መጣ። ቀደም ብሎ ነው የመጣው። በሩ ተከፈተ። ኮሪደሩ ላይ ጫማውን እያወለቀ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው ግድግዳውን ተደግፎ። ዘኒ አለሽ? ይላል።

አለሁ።

ከስሙ ነው የምጀምረው። ይመር ይባል ነበር። የወሎ፣ የኩታበር ልጅ ነው። እናቱ… ገባ፤ የቀረውን ለእሱ በአፌ።