ሦስት ነፍስ ያለው ሰውዬ

ሐምሌ 3 ቀን 79፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ዛሬም አራተኛው እርከን ላይ ሞትኩ። ሦስቴ። እኔ ማለቴ አይደለም ደብተሬ፣ ሰውዬው ነው የሞተው።

ገበያ ነው። ዝናብ የሸሸው ሁሉ የኛ ሱቅ በር ላይ ቆሟል። አባዬ የስፌት መኪናውን ይረግጣል። እኔ ከጨርቁ ክምር ጀርባ ቁልፍ እተክላለሁ። አሥር ቁልፍ፣ ከዚያ አንድ ጨዋታ። ሕጌ ይህ ነው። አባዬ ያውቃል፣ ያላየ ይመስላል።

ስለ መጫወቻዋ በወጉ አልነገርኩህም። የአጎቴ የመላኩ ናት፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም። ውጭ አገር እርሻ ተምሮ ሲመለስ ይዟት መጣ። አሁን የእርከን ሥራ ሊያሠራ ስማዳ ወርዷል። ዝናብ እንዳይመታበት ብሎ ለኔ ተዋት። ሐምሌ 25 መጥቶ ይወስዳታል።

መጠኗ የልብስ ሳሙና ነው። ከፊቷ መስታወት አለ። መስታወቱ ውስጥ የማዕድን ጉድጓድ፣ ከላይ እስከ ታች ሰባት ደረጃ። እኔ እርከን እላቸዋለሁ፣ ካጎቴ ሰምቼ። ባርኔጣ ያደረገ ጥቁር ሰውዬ፣ ከጥፍሬ ያነሰ፣ ዶማ ይዞ ወርቅ እየለቀመ ይወርዳል። ድንጋይ ይወድቅበታል፣ ጋሪ ይመጣበታል፣ ውሃ ይሞላበታል። በእጅ የሚጫኑ አራት ነገሮች አሏት፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ውረድ፣ ዝለል። በእርምጃው ልክ ጢጥ ትላለች። ሲሞት ጥርርር። ሦስት ነፍስ አለው፣ ሦስቱም ካለቁ እንደገና ከላይ።

አጭር ናት። የሚያውቅበት ሰው አባታችን ሆይ አራት ጊዜ እስኪባል ይጨርሳታል አለ አጎቴ። እሱ ራሱ ከአምስተኛው አልፎ አያውቅም። ታች ምን እንዳለ አያውቅም።

እኔ 25 ሳይደርስ ማወቅ አለብኝ።


ሐምሌ 6፣ ሰኞ፣ ጠዋት

አምስተኛው ደረስኩ። ሁለቴ።

እትዬ ስንዱ ጎረቤታችን ቀሚስ ሊያስጠብቡ መጡ። ስንተኛ ክፍል ደረሽ አሉኝ። ስድስተኛን ጨርሻለሁ ማለት ነበረብኝ። ጣቴን አየሁ። ወደ አባዬ ዞሩ።

«ይችን ልጅ አፏን ሰፍተህባት ነው? ክር ተርፎህ?»

«ራሷ ነች የሰፋችው፣ በራሷ መርፌ» አለ አባዬ። ሁለቱም ሳቁ። እኔም ትንሽ ሳቅኩ፣ ወደ ውስጥ።

ለምን እንደምወዳት አሰብኩ፣ ደብተሬ። ሰውዬው ጉድጓድ ሲገባ የማን ልጅ ነህ፣ ለምን አትናገርም የሚለው የለም። ድንጋዩ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ይወድቃል። ጋሪው ሁልጊዜ ከግራ ይመጣል። ሰው እንዲህ አይደለም። ሰው ከየት እንደሚመጣብህ አታውቅም።


ሐምሌ 7፣ ማክሰኞ፣ ሥላሴ

ጉድ ሆንኩ።

አባ ገብረ ጻድቅ ቤታችን መጡ። የንስሐ አባታችን ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ቅዳሴውን በቃላቸው ነው የሚሉት፣ መጽሐፉ ለወጉ ይዘረጋል። ፍልሰታ ሳይገባ ሁላችንም ንስሐ እንግባ ተባለ። ተራዬ ደረሰ፣ ጓዳ ገባን።

አንድ ነገር ከብዶኝ ነበር። እሑድ ዕለት ሰውዬውን ሆን ብዬ ድንጋይ ሥር አቆምኩት። ጥርርር የሚለውን ለመስማት ብቻ። ከዚያ ወዲህ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ። ስለዚህ ሰው ገድያለሁ አልኳቸው።

መስቀሉ እጃቸው ላይ ቆመ። ስንት አሉ፣ በቀስታ። መቶ ቢሆን ነው አልኩ።

«መቶ ሰው?»

«አንድ ሰው ነው፣ አባ። መቶ ጊዜ።»

ከዚያ እየተንተባተብኩ ስለ መጫወቻዋ ነገርኳቸው። ሦስት ነፍስ አለው ስል አቋረጡኝ። የት አገር የተሠራ ነው አሉ። ሩሲያ መሰለኝ አልኩ። በሩን ዞር ብለው አዩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«እዚያ አገር ነፍስ የሚባል የለም ይላሉ ሲባል ነበር የሰማሁ። ጭራሽ ሦስት?»

ከዚያ ፈረዱ። ነገሩን መርምረው እስኪነግሩኝ እንዳልነካት። ለእሑድ ይመጣሉ። የቀረኝ 18 ቀን ነው። ከዚያ ላይ አምስቱ ሄደ።


ሐምሌ 9፣ ሐሙስ

መጫወቻዋ ሳጥን ውስጥ ናት። ሳጥኑ አልጋ ሥር። እኔ ከአልጋው ራቅ ብዬ ተቀምጫለሁ።

በሐሳቤ እጫወታለሁ። ቀኝ፣ ቀኝ፣ ዝለል። በሐሳቤ አይሞትም፣ ስለዚህ አይጥምም። ሐሳቤ እዚያ ሆኖ የአንድ ሚሊሻ ሸሚዝ ቁልፍ በግራ ተከልኩት፣ እንደ ሴት። አባዬ እየፈታ፣ ሚሊሻው ነገ ይህን ለብሶ ጠመንጃ ቢይዝ እኔን ነው የሚያስረኝ አለ። አልተቆጣም። ጥርሱ ይታይ ነበር።


ሐምሌ 12፣ እሑድ፣ ከሰዓት

መጡ። ደብተሬ፣ ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ተቀመጡ። አምጫት አሉ። መስታወቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉ፣ አራቁ፣ ወደ በሩ ብርሃን አዞሩ። ጉንዳን ይታየኛል አሉ። እሱ ነው ሰውዬው አልኩ። እንግዲህ እኔ አላየውም፣ ከላይ ጀምረሽ አንቺ ንገሪኝ አሉ።

ድምፄ እምቢ አለኝ። ጠበቁ። አባ ሲጠብቁ አይቸኩሉም። መጀመሪያ ወዴት ይሄዳል አሉ። ቀኝ። ስንት እርምጃ። አልቆጠርኩም። ድንጋዩ ከስንት እርምጃ በኋላ ይወድቃል። እንጃ። ጋሪውስ። እንጃ፣ አባ፤ ሳየው ነው የምዘለው።

ግንባራቸውን አከኩ። የዘመኑ ተማሪዎች ሁሉ እንዲሁ ናችሁ አሉ። ዓይን አላችሁ፣ ስለዚህ ምንም አትይዙም።

«ሰውዬው የሞተው በጥላቻሽ አይደለም። ያላጠናሽውን ልትቀድሺ ገብተሽ ነው። ይኸ ስንፍና ይባላል፣ ነፍስ ማጥፋት አይደለም።»

ተፈቀደ፣ ደብተሬ። ለዚያኛው እሑድ ግን አርባ አንድ ስግደት ሰጡኝ። ሆን ተብሎ የተደረገ ሌላ ነው አሉ። ስለ ሦስቱ ነፍስ እንደሆነ፣ ሁለቱን እንደ ብድር እንቁጠራቸው አሉ።

ከዚያ እየተጫወትኩ ነገርኳቸው። እየቆጠርኩ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አወራሁ። ቀና ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማለች፣ እጇ ሊጥ ነው። ይህን ያህል ስናገር ሰምታ አታውቅም። ወደ ሊጧ ተመለሰች።


ሐምሌ 14፣ ማክሰኞ

አርባ አንዱን ጨረስኩ። ጉልበቴ።

አባ ከቤ/ክ ሲመለሱ በየቀኑ ጎራ ይላሉ። እንዲህ አድርገን ይዘነዋል፦

አንደኛ፤ ቀኝ አራት፣ ዝለል፣ ቁም፣ ግራ ሁለት፣ ውረድ።
ሁለተኛ፤ ቁም፣ ጋሪው ይለፍ፣ ግራ አምስት፣ ውረድ።
ሦስተኛ፤ ቀኝ ሦስት፣ ሁለቴ ዝለል፣ ቀኝ አንድ፣ ዝለል፣ ቁም፣ ግራ ሁለት፣ ውረድ።

እሳቸው አንዴ ከሰሙ አይረሱም። እኔ ነኝ የምሳሳት። ዛሬ ሦስተኛውን ሳነበንብ አንዴ ዝለል አልኩ። ትናንት ሁለቴ ነበር ያልሽው፣ ሰውዬው ዛሬ እግሩን ታሟል ወይ አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝ። በድምፅ።

አራተኛው ላይ መሞት ቀረ።


ሐምሌ 17፣ ዓርብ፣ ገበያ

ሰባተኛው ደረስኩ።

ቀኝ ስድስት ሄድኩ፣ ውሃው ሲጎድል ዘለልኩ፣ ከዚያ የማላውቀው ነው። አየሁ፣ አመነታሁ፣ ጥርርር። ሦስተኛ ነፍሱ ነበረች።

ከጨርቁ ክምር ጀርባ ብቻዬን ተነስቼ ቆምኩ። ማንም አላየኝም። አንዲት ሴትዮ ብቻ፤ ምን ነከሰሽ ልጄ አሉኝ። ምንም፣ ደህና ነኝ እማማ አልኩ። ደብተሬ፣ መለስኩላቸው እኮ። ተቀምጬ ነው ያስተዋልኩት።


ሐምሌ 19፣ እሑድ

መንደሩ ልትመንን ነው ይላል። እኔ። እትዬ ስንዱ ናቸው ያወሩት፤ አባ በየቀኑ ይገባሉ፣ ልጅቷ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትሰግዳለች፣ ቆቡ ብቻ ነው የቀራት ብለው። አባዬ ለቆቡ ጨርቅ ከኛ ቤት አይጠፋም አላቸው።

ዛሬ ሰባተኛው ጋ አልደረስኩም። ስድስተኛው ላይ አነጠሰኝ።


ሐምሌ 21፣ ማክሰኞ

ክፉ ቀን። መስታወቱ ደበዘዘ። ሰውዬው ጥላ ሆኗል፣ ጋሪው የለም ማለት ይቻላል። ድንጋይዋ እያለቀ ነው። ድንጋይ የምልህ እንደ ራዲዮ ድንጋይ ያለው ነው፣ የሷ ግን ሁለት ትንንሽ፣ የካፖርት ቁልፍ የሚያካክሉ። እዚህ አይገኝም። ንፋስ መውጫ ከተማም አይገኝ።

አባዬ የራዲዮውን ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ሐምሌ ላይ ምን ፀሐይ አለ። የሷን ሁለቱን አውጥቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ያዝኳቸው፣ ምሳ እስኪደርስ። ትንሽ ነፍስ ዘሩ። አንዴ ተጫወትኩ፣ አምስተኛው። መልሼ አጠፋኋት።

አራት ቀን። ከእንግዲህ አልነካትም፣ ለአንድ ጨዋታ እንድትተርፈኝ።


ሐምሌ 24፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ጠዋት ከፈትኳት። ምንም። መስታወቱ ባዶ፣ እንደ ታጠበ ሰሌዳ። ግን አንዴ ቀኝ ስጫን፣ ጢጥ። በጣም ቀጭን። ሰውዬው አለ። አይታይም እንጂ አለ።

አጠፋኋትና አለቀስኩ፣ ትንሽ። ነገ አጎቴ ይመጣል።

አባ በ8 ሰ. መጡ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። እግራቸውን ገና ሳያራግፉ፣ ሰባተኛውን አገኘሁት አሉ። እኔ ደግሞ በቃ፣ አባ፣ አይታይም አልኳቸው።

«ለማን ነው የማይታየው? እኔ መች አየሁትና?»

ተቀመጡ። ሌሊት ሲያወርዱት ሲያወጡት ማደራቸውን ነገሩኝ። አንደኛው በምን ያበቃል አሉ። ዝለል፣ ቁም፣ ግራ ሁለት። ሦስተኛውስ? ዝለል፣ ቁም፣ ግራ ሁለት። አምስተኛውስ? ያው። ጎዶሎዎቹ ሁሉ በአንድ ቤት ይመታሉ፣ የሠራው ሰው ግጥም ያውቃል አሉ። ሰባተኛው ሌላ ቤት ቢመታ እኔ ቅኔ ቤት የከረምኩት በከንቱ ነው አሉ።

ጆሯቸውን አስጠጉ። እሳቸው ሊሉ፣ እኔ ልጫን። በር ዘጋን፣ የገበያው ጩኸት ጢጧን እንዳይውጣት። ከፈትኳት።

ቀኝ አራት፣ አሉ። እንደ ንባብ ሳይሆን እንደ ዜማ። ጢጥ ጢጥ ጢጥ ጢጥ። ዝለል። ቁም። ቁም ማለት ስንት ትንፋሽ እንደሆነ ከዜማው አወቅኩት። ለካ እስካሁን የምሞተው ቁም ላይ ነው። መቆም አላውቅም ነበር። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ለማየት የሚረባ የለ። ጉድጓዱ ውስጥ ግን ሁሉም ነበረ፤ ጋሪው አለፈ፣ ድንጋዩ ከኋላዬ ወደቀ። አራተኛ። አምስተኛ። ጢጧ እየሳሳች። ስድስተኛ።

ሰባተኛ፤ ቀኝ ስድስት። ውሃው ይጉደል። ዝለል።

ዝለል አሉ ደግመው፣ ቤት መምቻውን ሲጀምሩ። ዘለልኩ። ቁም። ቆምን፣ ሁለታችንም ሳንተነፍስ። ግራ ሁለት። ጢጥ። ጢጥ።

ከዚያ ሰምተን የማናውቀው ድምፅ መጣ። አምስት ነው፣ ሦስቱ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ታች። ከዚያ ዝም። ሞታለች። ማንኛውንም ብጫን ዝም።

አባ ቀና አሉ። ጢማቸው ላይ ጭቃ አለ። ደረስን አሉ። ደረስን አልኩ። ታች ምን አለ አሉኝ። አላየሁም፣ አባ። እሳቸውም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ በሩን ስንከፍት ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየን።


ሐምሌ 25፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 5 ሰ.

አጎቴ መጣ። ከስቷል፣ ፀጉሩ ድረስ ጭቃ። ሞታለች አልኩት፣ አንገቴን ደፍቼ። ሳቀ። ቦርሳውን ከፍቶ ከካልሲ ውስጥ ሁለት አዲስ ድንጋይ አወጣ። ይህን ሁሉ ቀን ስማዳ ውስጥ ካልሲ ሲያሞቁ ነበር።

ከተተላቸው። ሰውዬው ባርኔጣውን አድርጎ ከላይ ቆሟል፣ ጥቁር፣ እንደ ዱሮው።

ስንት ደረሽ አለኝ። ሰባቱንም አልኩ። አላመነኝም። ማን አየሽ አለ። ማንም አላየኝም፣ እኔም አላየሁም አልኩት። አባዬን አየ፣ አባዬ ትከሻውን ነቀነቀ። በይ እንግዲያው አሁን አሳዪኝ አለ።

ሱቁ ሙሉ ነው፣ ዝናብ ነው፣ አሥር የሚሆን ሰው አለ። እትዬ ስንዱም አሉ። ሁሉም ጣቴን ያያሉ። ድሮ ብሆን ጓዳ ገብቼ አልወጣም ነበር። አሁንም እግሬ ወደዚያ ብሎ ነበር።

አባ ካልመጡ አልጫወትም አልኩ።

አጎቴ፣ አባ ደግሞ ምን ያደርጋሉ፣ አያዩም አለ። አዎ አልኩት። ታች ያለውን አይቼ እኔ ነኝ የምነግራቸው። እሳቸው ሳይሰሙ እኔ ቀድሜ አላይም። ለትልቅ ሰው እምቢ ያልኩት ዛሬ መጀመሪያዬ ነው። አባዬ መኪናውን መርገጥ አቆመ። አጎቴ ጥቂት አየኝና ሄዶ ሊጠራቸው ጃንጥላውን አነሳ።

ነገ ይዟት ይሄዳል። ይሂድ። ዛሬ ግን ዓይኔን ገልጬ እገባለሁ። እሳቸው ቀኝ አራት ሲሉ እኔ እጫናለሁ፣ ድንጋዩ ሲወድቅ ወደቀ እላለሁ፣ ጋሪው ሲያልፍ አለፈ እላለሁ። ሰው ይሁን፣ እትዬ ስንዱም ይስሙ። ታች ስንደርስ ደግሞ ያለውን ሁሉ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ ምንም ሳላስቀር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ

መጡ። ዘንጋቸው በሩ ላይ ነው