የተሸናፊው ምላጭ

ጥር ዘጠኝ። ቡድናችሁ ከሊጉ ስለወረደ ዘንድሮ ከእኛ ቡድን ጋር ደርቢ የለም።

ወንድሜ፣ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ስትወርዱ ጊዜ «እሰይ! ይበላችሁ!» ብዬ ጨፍሬ ነበር። አሁን የምሰድበው አጥቼ ስታዲየም ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል። ቡድናችሁ ገደል ይግባ፤ ሲወድቅ እኛንም ይዞን ወደቀ።

አንተም በዓመት አንዴ ብቅ የምትለው ለዚያ ጨዋታ ብቻ ነበር። ቡድኑ የተሸነፈበት ልጅ አባባን ይላጭ የለ? ይኸው ጢሙ ደረቱ ደርሷል። «አባባ፣ እኔ ልላጭህ» ስለው፣ «አንተን ደግሞ ማን አሸነፈህና?» ይለኛል። ሾርባውን ግማሹን ትቶ በር በሩን ያያል።

ልጆችህን ሳምልኝ፤ አንተን ተሸናፊውን ግን አልስምህም። አባባ «መውረድም መሸነፍ ነው፤ ይምጣና ይላጨኝ። ደህና ምላጭ ግዛ፤ የወንድምህ እጅ ከባድ ነው» ብሎ ልኮኛል። ሱቁ ሳይዘጋ ወጣሁ።