ካርቶን የለበሱ መስኮቶች

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 13፣ 2014። ማታ

ሳሎኑ አለቀ። የቀረው መኝታ ቤቱ ነው። ሬዲዮው ሳምንቱን ከአርባ ዲግሪ በላይ ነው ይላል፤ መብራትም ሊሄድ ይችላል። ውሃ ቅዱ፣ በረዶ አዘጋጁ፣ መስኮት ሸፍኑ። እዚህ በሰው አገር፣ ብሬብሩክ የሚባል ሰፈር የተከራየናት ቤታችን ደግሞ ኤሲ የላትም። ስለዚህ መስታወቱ ላይ ፎይል፣ ከኋላው ካርቶን፣ ዙሪያውን ቴፕ። ባለቤቴ ዳኒ ዌሪቢ ከሚሠራበት መጋዘን ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ከደቡቡ መስኮት ጀምሪ፣ ፀሐይ በዚያ ነው የምትዞረው አለ። ከዚያው ጀመርኩ።

እናቱ እትዬ ወርቄ (እ.ወ. ልበላቸው፣ ቴፕ ስቆርጥ እጄ ዝሏል) ቤቱ ጨለመብኝ አሉ። ከአዲስ አበባ የመጡት ልጃችንን ናቲን ሊይዙልን ነው፣ እኔ ሥራ እንድመለስ። ልጁ መዳህ ጀምሯል፤ ዘወር ሲሉ የለም።

ማክሰኞ 14። ከሥራ መልስ

ተናድጃለሁ ማስታወሻዬ፣ አንቺ እንኳ ስሚኝ። ከአረጋውያን መጦሪያው ሺፍቴን ጨርሼ ስገባ የሳሎኑ ካርቶን ተገንጥሎ ወለሉ ላይ! ፀሐይዋ ምንጣፉ ላይ ተንሰራፍታለች። ለምን ብላቸው ታፈንኩ አሉ። እንደገና ለጠፍኩ። ናቲን ሲያበሉት ማንኪያው ጉንጩ ላይ አረፈ። ሙቀቱ አድክሟቸው ይሆናል።

ረቡዕ 15። ጠዋት

ትናንት ዳኒ እናቱን ተቆጣ። እማዬ፣ ልጄን በሙቀት ልትገድይብኝ ነው ወይ አላቸው። የማይላቀቅ ወፍራም ቴፕ ገዝቶ ሁሉንም አሸገው። አሁን ቀኑም ሌሊቱም አንድ ነው። ቤቱ ግን ቀዝቀዝ ብሏል፣ ደስ ብሎኛል። ልሂድ፣ ባሱ ያመልጠኛል።

ሐሙስ 16። ከሰዓት

እንደምንም ልጻፈው።

በእኛ ሰፈር መብራት ሄደ ሲባል አለቃዬን አስፈቅጄ ቀደም ብዬ መጣሁ። በሩን ስከፍት ጨለማ። ፋኑ ቆሟል። እ.ወ. ኮሪደሩ መሃል ቆመዋል፣ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው። ናቲን በነጠላ አዝለውታል። በዚህ ሙቀት! ሁለቱም በላብ ተጠምቀዋል። ልጁ ቀልቷል፣ ማልቀስ አቅቶት ያቃስታል። ነጥቄ አወረድኩት፣ በውሃ አበስኩት፣ ጡት ሰጠሁት። ሲጠባ ነፍሴ መለስ አለች። ጌታ ይባረክ።

ከዚያ ጮህኩባቸው። ከጠዋት ጀምሮ አላወረዱትም!

«ካወረድኩትማ አላገኘውም» አሉኝ።

ዓይናቸው ደክሟል፣ አሁን ነው የነገሩኝ። አገር ቤት እያሉ ጀምሯቸዋል። ብርሃን ሲኖር የልጁን ጥላ እየተከተሉ ይይዙታል፤ ሲጨልም ምንም። ካርቶኑን የገነጠሉት ለዚያ ነበር። እኛ ደግሞ አሸግንባቸው። ቀኑን ሙሉ ሽማግሌና አሮጊት ስንከባከብ የምውል ሰው ነኝ፣ እንዴት አልገባኝም? አፈርኩ።

ለዳኒ እንዳትነግሪው ብለው ለመኑኝ። ልጁን ካልያዝኩ ለምን መጣሁ፣ መልሶ ይሸኘኛል አሉ። ቃል አልገባሁም።

ዓርብ 17። አመሻሽ

ሺፍቴን ካንስል አደረግሁ። ከእሳቸው ጋር ዋልኩ። የደቡቡን መስኮት ለጭላንጭል ያህል ብዬ ገለጥኩት። ፀሐይዋ ማለዳ ትንሽ ዳሰስ አድርጋው ሄደች፣ እስካሁን አልተመለሰችም። ለካ እዚህ አገር ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው! ዳኒ የነገረኝ የአዲስ አበባዋን ነው። ለእ.ወ. ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ሳምንት።

የመጦሪያችን ነርስ ጋ ደወልኩ። የዓይን ሞራ ከሆነ ይገፈፋል፣ ግን ዶ/ር ይያቸው አለች። ለእሳቸው ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ያጣጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ።

ጸለይኩ፣ አሰብኩ። ልጁን ለብቻቸው አልተውላቸውም፤ ይሄ አይሆንም። ወደ አገርም አይሸኙም። የዓይናቸውን ነገርም ይህንንም ለዳኒ እነግረዋለሁ፣ ዛሬ። ቅር ካላቸውም እኔን ይቆጡኝ።

የዳኒ መኪና ገባ። ናቲን አንስቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። እጄን አጥብቀው ያዙኝ፣ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ዳኒ በሩን ከፈተ።