ለ«ትመጣለች» ቤት የሚመታ ቃል

ለውድ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔም ልጅሽም ደህና ነን። የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አሮጊት ትመስላለች።

ዘንድሮ የልጅሽን ክፍል ግጥም እያስተማርኩ ነው፤ ዴስክ እየደበደብን ቤት እንመታለን። አንዱ ቀበጥ፣ «አስተማሪያችን ቀጭን ናት፣ ነፋስ መጥቶ እንዳይወስዳት» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው።

ልጅሽ ግን ግጥሟን ሁሉ «እናቴ ትመጣለች» ብላ ነው የምትዘጋው። ትናንት፣ «እስቲ ለሱ ቤት የሚመታ ሌላ ቃል ፈልጊ» ስላት ትንሽ አሰበችና፣ «ትደውላለች» አለች። ጠመኔ ላምጣ ብዬ ወጣሁ፤ ቶሎ መመለስ አቃተኝ።

ስልኬን ገላዬን ስታጠብ እንኳ ከአጠገቤ አላርቀውም። በሞቴ እታለም፣ አንድ መስመር ላኪልኝ። ቤት ባይመታም ግድ የለም።

የምትጠብቅሽ ታናሽ እህትሽ