የአባትህ ልብ እና የሽመናው እንጨት

ጥቅምት 12። የላክኸው የልብ ማዳመጫ ደረሰን።

ልጄ ኪብሮን፣ እግዚአብሔር በወጣህበት ሁሉ ቀድሞህ ይገኝ። እኛ ደህና ነን። ሽሮ ሜዳ ብርዱ ጀምሯል፤ እዚያ ደግሞ ይብሳል አሉ፣ ደረትህን ሸፍን። እህትህ ሥራ ይዛለች።

የልብን ድምፅ ለይቶ የሚያውቀውን፣ አንተ የሠራኸውን ፕሮግራም ስልኬ ላይ የጫነችው እሷ ናት። አባትህ ግን የሠርግ ልብስ ትዕዛዝ ስላለበት ከሥራው አልነሳም አለ። «እየሸመንኩ ያዳምጠኝ፤ ልቤን የትም አልጥለው።» ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አሰርንለት፣ እሱም ማጉን መምታቱን ቀጠለ። ስልኩ «በልብ ምቱ መሃል ሌላ ድምፅ አለ፣ ሐኪም ያማክሩ» ብሎ ጻፈ። አባትህ በሳቅ ፈረሰ። «ሰርኬ፣ ልጅሽ የምመታውን እንጨት ልብ ነው ብሎ ቆጠረው! ለዚህ ነው ባሕር የተሻገረው?» እኔም አብሬው ሳቅሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ሲወስደው ማዳመጫውን ቀስ ብዬ ደረቱ ላይ አስጠጋሁት። ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ስልኩ ያንኑ ጻፈ።

ይህን አልነገርኩትም። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብዬ ብለምነው እንደማይነሳ ታውቃለህ። ዊንጌት ያለችው ደንበኛ ያዘዘችውን ጋቢ «ከእጅህ ካልተቀበልኩ» ብላለች አልኩት፤ ይዤው የምገባው ክሊኒክ እዚያው ታክሲ መውረጃው አጠገብ ነው። ነገሩ ሲገባው መናደዱ አይቀርም፣ ደውሎም አንተን ይጠይቅሃል። እባክህ፣ ደስ እንዲለው ብለህ ፕሮግራሙ ተሳስቷል እንዳትለው።

አምላክ ዕውቀትህን ይባርክልህ። አባትህ ጋቢውን ታቅፎ በር ላይ «ሰርኬ፣ ታክሲው ሊሞላ ነው!» እያለ ነው። ወጣሁ።